ጋሻውን ያልነካችው እሳት

አንድ ጨዋታ ወዳድ ንጉሥ ነበር። ከጨዋታ ሁሉ አብልጦ የሚወደው በገበታ ላይ የሚካሄደውን የጀግኖችና የጭራቆች ፍልሚያ ነበር። ከቀንድ የተቀረጹትን ጀግኖች፣ የገዛ ምስሉን ጨምሮ፣ ንጉሡ ራሱ ይመራል፤ ጭራቆቹን ደግሞ ተጋጣሚው ያንቀሳቅሳል። ጀግኖቹ ገደሉን በድልድይ ተሻግረው የጭራቆቹን አምባ በር ካስከፈቱ ድሉ የንጉሡ ነው፤ ካልቻሉ የተጋጣሚው። ጭራቆቹ ጉልበታቸው አናሳ ቢሆንም አስማት ነበራቸው፤ ጉም፣ ዝምታና እሳት። እያንዳንዱ አስማት ግን አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም።

ንጉሡ ተሸንፎ አያውቅም። ምክንያቱ ብልሃቱ አልነበረም፤ የግቢው ሥርዓት እንጂ። በዚያ ግቢ ከንጉሥ አስቀድሞ ሌላውን መንካት ንጉሥን እንደ መናቅ ይቆጠር ነበርና፣ ጭራቆቹን የያዘ መኮንን ሁሉ ጉሙንም ዝምታውንም እሳቱንም እጅ እየነሣ በንጉሡ ምስል ላይ ያዘንበው ነበር። የንጉሡ ምስል ደግሞ አስማት የማይበሳው ጋሻ ይዟል።

ንጉሡ በዚህ ድል ሰከረ። ከገደል ማዶ ያለችውንም ትንሽ አገር በእውነተኛ ጦር ሊወጋ ነጋሪት አስጎሰመ፤ ጦሩም በገደሉ አፋፍ ድንኳን ተከለ። አገሬው ጨንቆት ወይዘሮ አትጠገብ የምትባል አስተዋይ ሴት ለምልጃ ላከ።

ንጉሡ ልመናዋን ሰምቶ ሳቀ። «ጦሬን ፈርተሻል፤ እስቲ ጨዋታዬን ድፈሪው። ጭራቆቹን ያዢ። ካሸነፍሽኝ የጦሬን ድንኳን አስነቅዬ እመልሰዋለሁ፤ ከተሸነፍሽ ግን አገርሽ የእኔ ናት።»

አጋፋሪው ጎራዴውን መዝዞ ስለ ንጉሡ ፎከረ። ፉከራውን ሲጨርስም ወደ እርሷ ዘወር ብሎ፣ «እሜቴ፣ ለመሆኑ ጭራቆችዎ ምሳ ቀምሰዋል?» ሲል አላገጠ።

«ኧረ ጦማቸውን ናቸው! ለእናንተ ብለው ሆዳቸውን ባዶ አድርገዋል» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እርሷ ግን ጭራቆቹን በጥንቃቄ ደረደረች፤ የአገሯ ዕጣ በጣቶቿ መካከል ነበርና።

ንጉሡ ባለ ጋሻውን ምስሉን አስቀድሞ፣ ከሩቅ የሚነድፈውን ቀስተኛና የአምባውን በር በቃሉ የሚከፍተውን ድግምተኛ አስከትሎ ገሠገሠ። እንደ ልማዱም አስማቱ ሁሉ እንዲዘንብበት ደረቱን ሰጥቶ ጠበቀ። ወይዘሮ አትጠገብ ግን ጉሙን በቀስተኛው ዙሪያ ጣለችው፤ ዒላማውም ጠፋበት።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው! ጃንሆይ ቆመው ሳሉ ቀስተኛውን?» አለ አጋፋሪው።

«ተዋት፣ ትጫወት» አለ ንጉሡ።

ቀጥላ ዝምታውን በድግምተኛው ላይ አሳረፈችው። የንጉሡ ግንባር ተቋጠረ። ወደ ኋላ ማለት ሽንፈት መስሎ ስለታየው፣ ባለ ጋሻውን ብቻውን በድልድዩ አሻግሮ ከበሩ ደጃፍ አቆመው። የቀረው እሳቱ ብቻ ነበር፤ መኳንንቱም እሳቱ በጋሻው ላይ ሲከስም ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። እርሷ እሳቱን ከኋላው፣ በድልድዩ ላይ ለቀቀችው።

ንጉሡ ገበታውን አተኩሮ አየ። በሩ ዝግ ነው፤ የሚከፍተው ቃል ከገደሉ ወዲያ ዲዳ ሆኖ ቀርቷል፤ መመለሻውም ነድዷል።

«ጋሻዬ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ የለችም» አለ ዝግ ብሎ።

«የለችም፣ ጃንሆይ።»

«ታዲያ በምን አሸነፍሽኝ?»

«እርስዎ ጋሻዎን ሲመለከቱ እኔ ድልድዩን ተመለከትሁ። የእኛም አገር ገደል እንዲሁ ነው፤ የጦርዎ ስንቅ የሚሻገርበት ድልድይ አንድ ብቻ ነው።»

ንጉሡ ወደ መኳንንቱ ዞረ። «ስታከብሩኝ ኖራችሁ፣ በአክብሮታችሁ ልታስፈጁኝ ነበር!» አላቸው። ከዚያም ከዙፋኑ ወርዶ፣ የጦሩ ድንኳን ሁሉ እንዲነቀል በገዛ አንደበቱ አዘዘ።

ወይዘሮ አትጠገብ ወደ አገሯ ስትሻገር ሕዝቡ በእልልታ ተቀበላት፤ ተራራው ለተራራው ደስታውን አስተጋባ። በማግስቱም ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ያለ ስጋት ወደ እርሻው ወረደ።

ወገኖቼ፣ ብዙዎቻችን የምንሸነፈው ኃይል አንሶን አይደለም፤ ያለችንን ጥቂት ኃይል ባላጋራችን እጅግ በሚመካበት ስፍራ ላይ ስለምናባክናት ነው። ጥበበኛ ግን ባላጋራው የቆመበትን አስተውሎ ይመለከታል። በሥልጣን ላይ ያለም ሰው ይህን ይወቅ፤ ድካሙን የሚሸሽግለት ወዳጅ ከጠላት ይልቅ ይጎዳዋል። እኛስ ዛሬ ጉልበታችንን የምናፈስሰው በባላጋራችን ኩራት ላይ ነው ወይስ ኩራቱን ተሸክሞ በቆመው ነገር ላይ?