መስታወቱ የእርስዎ፣ ጭቃው የእኔ

አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ስሙን ተይው፣ አስካለ ልጄ፤ ለጥያቄሽ ስሙ አይጠቅምሽም። ጥያቄሽንም አልረሳሁትም። ባለሀብቱ «ፊደል መለየት ያቃታቸውን አሮጊቶች አሰናብቺና ጎበዞቹን ብቻ አስቀሪ፤ ያለዚያ አዳራሼን ልቀቂ» ብሎሻል። ጎልማሶቹን የምታስተምሪበት ሌላ ቦታ የለሽም፤ «ልታዘዘው ወይስ ልውጣ?» ብለሽ መጣሽ። እንግዲህ ስሚኝ።

ይህ ሰው የሚሠራባት ክፍል ቀድሞ ዓሣ ቤት ነበረች። ዓሣ ቤቱ ሲዘጋ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየም የሚሉት ዓይነት፣ ባዶውን ቀረ። ሰውየው ባዶ መስታወት ማየት አስጠላውና ዓሣ ሊያረባበት አሰበ። መጀመሪያ ማንኛችንም የምናደርገውን አደረገ፤ በበረኪና ፈትጎ አጠበው፣ ከቧንቧ ውሃ ሞላው፣ በዚያው ቀን ዓሦቹን ጨመረ። በማግስቱ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። እሱም እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ እንደ ለቀስተኛ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ገባው። ከሐይቅ ዳር ጥቁር ደለል አምጥቶ ከሥር አነጠፈ፣ በላዩ ጠጠር ደለደለ፣ የውሃ ሣር ተከለበት። ውሃው ደፈረሰ፤ አልነካውም። ሣሩ ሥር እስኪሰድ፣ ውሃውም በራሱ ጊዜ እስኪጠራ ታገሠና ዓሦቹን ያኔ አስገባ። አዲስ ውሃ በጀሪካን አሳድሮ፣ የቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨምሩት መድኃኒት ሽታው ሲለቅ፣ ጥቂት እየቀነሰ ጥቂት ይተካ ነበር እንጂ ሁሉንም ደፍቶ አያውቅም። የገንዳውን ውሃ ማጣሪያ ስፖንጅ እንኳ የሚያለቀልቀው ከዚያው ከገንዳው በቀዳው ውሃ ነው። ምግብ ቆንጠር አድርጎ ይሰጣቸዋል፤ ዓሣ እንደሆነ መቼ ቢያዩት የራበው ነው የሚመስለው። እዚያ ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታይ ሕይወት እንዳለ፣ የዓሦቹን እድፍ እየበላ ውሃውን የሚያጠራውም እሱ እንደሆነ፣ የተረፈውን ደግሞ ሣሩ እንደሚመገበው ተረዳ። በመጨረሻም ዓሦቹ ወለዱ። ከመርፌ የማይበልጡ ጫጩቶች ሣሩ ውስጥ ተሸሸጉ። ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ ሁሉ እነሱን እያየ ወረፋውን ይረሳ ጀመር።

የክፍሉ ባለቤት ሀብታም ሰው ነው። ትልልቅ እንግዶች ሕንፃውን ሊጎበኙ ሲሉ መጣና ገንዳውን አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ይኼ ምንድን ነው? ረግረግ ነው እንዴ? ጭቃውን አውጥተህ ድፋልኝ! የሚያብለጨልጭ ነገር ነው የምፈልገው።»

«ጌታዬ፣ ጭቃው ከወጣ እኮ ዓሦቹ ይሞታሉ።»

«ሌላ ይገዛላ! ወይ ታጥበዋለህ፣ ወይ ክፍሌን ትለቃለህ።»

ሀብታሙ ሲወጣ ሰውየውን ፍርሃት ያዘው። ልጆች አሉት፤ ደንበኛ ያፈራው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። «ለዓሣ ብዬ እንጀራዬን ልጣ?» አለ ለራሱ። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ውሃው ውስጥ ከተተና አንዱን ሣር ነቀለ። ሥሩ ጭቃውን ጨብጦ ወጣ፤ ተሸሽገው የነበሩት ጫጩቶች ተበትነው የሚገቡበት ጠፋቸው። ያን ሲያይ ተናደደ። በሀብታሙ አይደለም፣ በገዛ እጁ ተናደደ። ሣሩን መልሶ ተከለው።

በማግስቱ ባለቤቱ ሲመጣ ሰውየው ወይ ፍንክች አለ።

«አላጠብኩትም፤ አላጥበውምም።»

«እንግዲያው ውጣ! ገንዳው ደግሞ የእኔ ነው፤ ጫፉን እንዳትነካ።»

«ልክ ነዎት። መስታወቱ የእርስዎ ነው። ጭቃው ግን የእኔ ነው» አለና ባልዲ አነሣ።

ዓሦቹን ቀዳ፣ ሣሩን ከነሥሩ ነቀለ፣ ያን የተናቀ ደለል በመዳፉ እየዛቀ ሞላ፤ እድፋሙን ስፖንጅ እንኳ አልረሳም። መቀሱን ኪሱ ከትቶ፣ ባልዲዎቹን አንጠልጥሎ፣ ቀና ብሎ ወጣ። ደጅ የቆመው ሁሉ ሳቀበት። ጭቃ ተሸክሞ ቤት የሚለቅ ሰው መቼ አይቶ ያውቃል! ይሳቅ።

ሀብታሙ መስታወቱን እንዳሻው አሳጠበ። ቀያይ ዓሦች ተገዝተው በዚያው ቀን ገቡ፤ እንግዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ ያጣጥሩ ጀመር። ዛሬ የፕላስቲክ ዓሣ አንጠልጥሎበታል አሉ። ያብለጭልጭለት! ፀጉር አስተካካዩ አውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ወንበር ዘረጋ። ግማሹ በተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል ውስጥ ጭቃውን አነጠፈ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ደንበኛው ሁሉ አልተከተለውም፣ ዝናብም መትቶታል፣ ከዓሦቹም መንገድ ላይ የሞቱ አሉ። የቀሩት ግን በርሜሉ ውስጥ ወለዱ።

አስካለ፣ አዳራሹ መስታወት ነው። ያምራል፣ የባለሀብቱም ነው። እሱ እንደ ጭቃ የናቃቸው እነማን እንደሆኑ ግን አንቺ ታውቂያለሽ። ያቺ ሀሁን ተሻግራ ለሉ ያልደረሰች አሮጊት የወጣቶቹን ሕፃናት አቅፋ ባትይዝ፣ ጎበዞችሽ እርሳስ የሚይዙበትን እጅ ከየት ያመጣሉ? ዝናብ በጣለ ቀን ቀድማ የምትደርሰው ማናት? ሌሎቹ ተስፋ ቆርጠው ሊቀሩ ሲሉ «እኔ አለሁ አይደል፣ ምን ሆናችኋል?» እያለች ስቃ የምትመልሳቸውስ? ክፍልሽ የጠራው በእነሱ ነው። እነሱን ካስወጣሽ ጎበዞቹም አንድ በአንድ ያልቁብሻል፤ ያኔ ባዶ አዳራሽ ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።

ስለዚህ እስኪያባርርሽ አትጠብቂ። ነገ ቁልፉን ራስሽ ወስደሽ ጠረጴዛው ላይ አኑሪለት። «አዳራሹ የእርስዎ ነው» በይው፤ ሌላ ቃል አትጨምሪ። አሮጊቶቹን ከፊት አስቀድመሽ ውጪ። የእኔ በረንዳ ጣሪያው ያፈሳል፤ ለሁላችሁም ግን ይበቃል። ጠመኔሽን ይዘሽ ነይ።