ከላይ ያየው ጭልፊት

ተረት ተረት!

ዛሬ «የላም በረት» ብላችሁ አትመልሱልኝ። «የማን ተረት?» በሉኝ። ጠይቁኝ እንጂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ተረት ተረት!

የእመት ጅግራ ተረት ነው። ሌሎች ሲያወሩት ከሰማይ ይጀምሩታል። እኔ ግን ከመሬት እጀምረዋለሁ።

በድሮ ዘመን፣ አራዊትና አዕዋፍ በራሳቸው ሸንጎ ሲዳኙ፣ ዛፉም ላባውም አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ አንዲት ጅግራ ከልጆቿ ጋር በሜዳ ዳር ትኖር ነበር። ቤቷ አንድ አጋም ሥር ነው። አጋሙ እሾሃም ነው፤ አፉም እንደ እሾሁ ነው። ሆኖም ጅግራን ይወዳታል፤ ልጆቿንም በእሾሁ ሥር ያስጠልላል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጅግራ ልጆቿን ምስጥ ስታስለቅም ጥላ መጣ። ጥላው ሣሩን ዳበሰ፣ ድንጋዩን ዳበሰ፣ ትንሹን ጫጩት ሸፈነ። ጫጩቱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ከመሬት ተነሣ። «እማ!» የሚለው ድምፅ ከሰማይ መጣ። ከዚያ ጠፋ።

ጭልፊት ነበር። ጅግራ አይታዋለች፤ አጋሙም አይቶታል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም።

እንግዲህ የሸንጎውን ነገር ስሙ። በዚያ አገር ዳኛው አባ ጉሬዛ ነበሩ። ነጭና ጥቁር ካባቸውን ደርበው በዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። የአገሩ ሕግ «ዳኛ በፍርድ ቀን መሬት አይረግጥም፤ የማንም አቧራ አይነካውም» ይላል። ሕጉ ሲወጣ ለፍትሕ ተብሎ ነበር። ነገር ግን ከዋርካ ላይ ሲያዩዋት ጅግራ ጠጠር ታክላለች። ጭልፊት ደግሞ ፊት ለፊት ካለው ቅርንጫፍ ላይ ያርፍና ከዳኛው ጋር ዓይን ለዓይን ይተያያል።

ጅግራ ከሰሰች። ሸንጎው ተሰበሰበ። ዝንጀሮ መጣ፣ ሚዳቋ መጣች፣ አይጥም መጣች።

«እመት ጅግራ፣ ተናገሪ» አሉ አባ ጉሬዛ።

«ልጄን ወስዶ በላብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ አባቴ? በላው።»

ዝንጀሮ ከኋላ ሳቀ። «ይኼም ነገር ሆኖ ሸንጎ ያስጠራል? መግቢያ የለው፣ መውጫ የለው!»

ጭልፊት ተነሣ። ክንፉን ዘረጋ፣ አንገቱን ሰበረ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድምፁ ዝቅ ሲል ሁሉም ወደ እሱ ተጠጋ።

«ሸንጎዬ፣ ወገኖቼ! ነገሩ የሚጀምረው ከጫጩቱ አይደለም። ከእባቡ ነው።»

«ከእባቡ?» አለች ሚዳቋ።

«ከላይ ሆኜ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ በሣሩ ውስጥ እንደ ውኃ ይፈሳል። ጫጩቱ ምንም አያውቅም፤ ምስጡን ይለቅማል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

«እናድነው ነበር!» አለ ሸንጎው።

«እኔም አንጀቴ አልቻለም። ወረድኩ፤ ከሞት አፍ ነጠቅሁት። ግን ምን ያደርጋል፣ ገና ልጅ ነው፤ ድንጋጤውን አልቻለውም። እቅፌ ውስጥ አረፈ።»

«እባብ አልነበረም!» ብላ ጮኸች ጅግራ።

«እህቴ፣ አንቺ ሣር ውስጥ ሆነሽ ምን ይታይሻል?» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ከላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

አባ ጉሬዛ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቼም ከላይ ያየ ሁሉን ያየ ነው።»

«እውነት ነው!» አለ ሸንጎው።

እስቲ ፍረዱኝ! እባቡን ማን አየው? ማንም። ግን ያን ቀን ሚዳቋ ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯን ከፍ ከፍ እያደረገች ነበር የምትራመደው።

ጅግራ «ማስረጃ አምጪ» ተብላ ሄደች፤ ማስረጃም አመጣች። ከጭልፊት ጎጆ ሥር የልጇን ላባ አግኝታ በአፏ ይዛ ወደ ሸንጎው ተመለሰች። ላባው ትንሽ ነው፤ ድምፁም ትንሽ ነው።

«እኔ ስነጭ ጫጩቱ በሕይወት ነበር» አለ ላባው። «በድንጋጤ አልሞተም። የነጨኝም…»

ላባው ሳይጨርስ ጭልፊት «ወይኔ!» ብሎ ደረቱን በክንፉ መታ፤ ደግሞም መታ። ከክንፉ በተነሣው ነፋስ ላባው ብድግ አለና ከዋርካው ማዶ በረረ። የተከተለው የለም። ሁሉም የሚያየው የጭልፊትን እንባ ነበር።

«ላባ አያችሁ» አለ ጭልፊት። «ላባ ማየት ቀላል ነው። የእኔን ጎጆ ያየ ግን ማን ነው? ልጆቼ ሌሊት ሌሊት ‹አባዬ ራበን› ሲሉ የሰማ ማን ነው? እናታቸውን ማዕበል ወሰዳት። ክንፌን አልብሼ በባዶ ሆዳቸው አስተኛቸዋለሁ። ያን ቀንም መከራ ወረደ። በእሷም ቤት ወረደ፣ በእኔም ቤት ወረደ። እሷ አንዴ አለቀሰች፤ እኔ በየቀኑ አለቅሳለሁ።»

ሚዳቋ ተንሰቀሰቀች። ዝንጀሮ እንኳ አፍንጫውን ጠረገ።

አይጥ ቀስ ብላ፣ «ቆይ፣ እባቡስ የት ሄደ?» አለች።

«ዝም በይ!» አላት ዝንጀሮ። «ሰውዬው እያለቀሰ አይታይሽም?»

አይጥ ዝም አለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጥያቄው በእጇ ነበር፤ ዋጠችው።

ጅግራ ወደ ቤቷ ተመልሳ ለአጋሙ ነገረችው።

«‹መከራ ወረደ› አለ።»

«መከራ?» አለ አጋሙ። «መከራ ክንፍ አለው? ምንቃር አለው? እኔ ያየሁት መከራ ቢጫ እግር ነበረው።»

«ሁሉም ለእሱ አለቀሱለት።»

«ለልጅሽስ?»

ጅግራ የቀሩትን ልጆቿን በክንፏ ሰበሰበች። ለልጇ ያለቀሰ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀጠሮ ጭልፊት ማልቀሱን ተወ። አሁን ዳኛ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ጠያቂ ሆነ።

«ከእናንተ መካከል ልጁን የማይወድ አለ?»

«የለም!» አለ ሸንጎው።

«ልጁን ገላጣ ሜዳ ላይ የሚለቅስ አለ?»

«የለም!»

«ጥላ ሲመጣ ቀና ብሎ የማያይስ?»

«የለም! የለም!»

«እንግዲያው ይቺ እናት ምን ትባል?» አለና ዝም አለ። አልሰደባትም። ስድቡን ሸንጎው ራሱ አመጣው።

«ዝንጉ!» አለ ዝንጀሮ። «ልጅ የማታውቅ!» አለች ሚዳቋ።

«እኔ አላልኩም» አለ ጭልፊት፣ «እናንተ ናችሁ ያላችሁት። ሆኖም እውነት ካላችሁ የቀሩት ጫጩቶች ያሳዝኑኛል። ከላይ የሚጠብቃቸው ቢኖር ኖሮ…»

አባ ጉሬዛ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ፍርዱንም ሰጡ። ነገ ጠዋት የጅግራ ልጆች በሙሉ ከእናታቸው ተወስደው ለአያ ጭልፊት ይሰጡ፤ እሱ ከላይ ሆኖ ያሳድጋቸው አሉ።

«እውነት ነው!» አለ ሸንጎው።

ሰማችሁ? ልጅ የበላው አሳዳጊ ተደረገ! የተበላባት ጥፋተኛ ሆነች! ይኼን ያደረገው ጥፍር አይደለም፤ ያማረ ወሬ ነው።

ጅግራ መሬቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸች። ከጩኸቷ በኋላ ግን ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«አባቴ፣ ፍርዱን ሰምቻለሁ። እኔ አፍ የለኝም። ግን የአገሩ ሕግ ‹ፍርድ የመረረው ቁራኛ ይጠይቅ› ይላል። ቁራኛ ይሰጠኝ።»

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ እግር ለእግር ታስረው፣ ጠቡ ወደ ተነሣበት ቦታ አብረው በእግር ሄደው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረው የሚውሉበት የጥንት ሥርዓት ነው። ማንም ሲጠይቀው አይከለከልም።

«በእግር?» አለ ጭልፊት። «እኔ?»

«ምነው አያ ጭልፊት፣ ፈራህ እንዴ?» አለ ዝንጀሮ ለሳቅ ያህል።

ጭልፊት በሸንጎ ፊት «ፈራሁ» ሊል አይችልም። የሣር ገመድ መጣ። የገመዱ አንድ ጫፍ በጅግራ እግር፣ ሌላው ጫፍ በጭልፊት እግር ታሰረ።

«ቀስ አድርገህ እሰር!» አለው ጭልፊት ገመዱን።

«እኔ ለማንም አላዳላም» አለ ገመዱ። «እሷን እንደያዝኩ እይዝሃለሁ።»

መንገድ ጀመሩ። ሸንጎው ከኋላ ተከተለ። አባ ጉሬዛ መሬት ላለመርገጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለሉ ሄዱ። ጅግራ ፈጠን ፈጠን ትላለች፤ ጭልፊት እየተንገዳገደ ይጎተታል። ክንፉ በእሾህ ይያዛል፣ ሣሩ ዓይኑን ይወጋዋል።

«ምንም አይታየኝም!» አለ ጭልፊት።

«አዎ» አለች ጅግራ። «እኛ እዚህ ነው የምንኖረው።»

«እንዴት ነው ታዲያ ከፊታችሁ ያለውን የምታውቁት?»

«አናውቅም። እየፈራን እንሄዳለን።»

ሜዳው ዳር ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ዛፍ የለም፤ ሣርና አጋሙ ብቻ ነው። አባ ጉሬዛ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ላይ ቆሙ።

«አባቴ፣ ይውረዱ» አለች ጅግራ።

«ዳኛ መሬት አይረግጥም!»

«መሬት ላይ የሆነውን ግን ይፈርዳል?» አላቸው አጋሙ። «የሚፈሩት አቧራውን ነው ወይስ ማየቱን?»

ሸንጎው ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው። አባ ጉሬዛ አፈሩ። ካባቸውን ሰብስበው ወረዱና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርድ ቀን ሣር ውስጥ ቆሙ። ሣሩ እስከ አገጫቸው ደረሰ።

ቀትር ሲሆን ጥላ መጣ።

በመሬት ለሚኖር፣ ጥላ የማያልፍበት ቀን የለም። ይኼኛው የንስር ጥላ ነበር። ሣሩን ዳበሰ፣ ድንጋዩን ዳበሰ፣ ጭልፊትን ሸፈነው።

«እማ!» ብሎ ጮኸ ጭልፊት።

ሊበር ዘለለ፤ ገመዱ ያዘው። ወደ አጋሙ ሮጠ፤ ጅግራን እየጎተተ እሾሁ ውስጥ ገባ። ላባው ተነጨ፣ ግንባሩ ደማ፤ ግን አልወጣም። አባ ጉሬዛም ከነካባቸው አቧራው ላይ በደረታቸው ተዘርግተው ነበር።

ንስሩ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ መንገደኛ ነበር። ዝቅ እንኳ ሳይል አለፈ።

«ሄደ» አለች ጅግራ። «ምነው ተንቀጠቀጥክ አያ ጭልፊት? ምን አየህ?»

«ጥላ! ጥላ ነው ያየሁት!»

«ምናልባት እባብ አይቶ ሊያድንህ መጥቶ ይሆናላ።»

ጭልፊት ይበልጥ ወደ እሾሁ ተጠጋ።

«ምናልባት የተራቡ ልጆች ይኖሩት ይሆናል። ለምን አላለቀስክለትም?»

ጭልፊት ራሱን በክንፉ ሸፈነ።

«ወይስ ጥፋቱ የእናትህ ነው? ገላጣ ላይ የለቀቀችህ!»

ያ ሁሉ አፍ የት ገባ? አንዲት ቃል ጠፋችው። ከእሾሁ ሥር ሆኖ የሚተርከው ታሪክ አልነበረውም።

አባ ጉሬዛ ተነሡ። ካባቸው ነጩም ጥቁሩም አፈር ሆኗል፤ አላራገፉትም።

«ፍርዴን አንሥቻለሁ» አሉ። «ልጆቹ የእናታቸው ናቸው። ጭልፊት ገዳይ ነው፤ ከዚህ ሜዳ ይባረር።»

«እውነት ነው!» አለ ሸንጎው በአንድ ድምፅ። «እውነት ነው!»

ጅግራ ገመዱን ከእግሯ ፈታችና ወደ እነሱ ዞረች። እስከዚያች ሰዓት እንደዚያ ተቆጥታ አታውቅም።

«ይኼንኑ ቃል ለእሱም ብላችሁለት ነበር! በዚሁ አፍ፣ በዚሁ ድምፅ! እሱ ጭልፊት ነው፤ መብላቱ አልገረመኝም። የገረማችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሚዳቋ፣ አንቺ እንደ እኔ የምትሄጂው በሣር ውስጥ አይደለም? አይጥ፣ ያንቺን ልጅ የሚወስደው ማን ሆነና ነው? ሁላችሁም ጥላውን ታውቁታላችሁ፤ ታሪኩን ሲነግራችሁ ግን ክንፍ ያበቀላችሁ መሰላችሁ። ልጄን ጥፍሩ አንድ ጊዜ ገደለው። የእናንተ ጆሮ ሦስት ጊዜ ገደለው!»

አይጥ ብቻ አንገቷን ደፍታ፣ «እባቡን ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች።

«ነበረብሽ» አለቻት ጅግራ። ይቅር ግን አላለቻትም። የቀሩትን ልጆቿን ጠርታ፣ እየቆጠቆጣት፣ አጋሙ ሥር ገባች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጅግራ ጥላ ስታይ ዝም አትልም። ከነልጆቿ፣ ከነጎረቤቷ፣ ሜዳው እስኪናወጥ ትጮኻለች። «ይቺ ወፍ ምነው አፏ አያርፍ!» የሚሉ አሉ። ይበሉ። ታሪኳን ሌላ እንዳይነግርላት አስቀድማ እየተናገረች ነው።

እናንተም ወሬ ሲያምራችሁ ቆም በሉ። ከማን እንደጀመረ፣ ማንን እንደዘለለ፣ ማንን እንዳስለቀሳችሁ ጠይቁ። «ከላይ ሆኜ ሁሉን አየሁ» የሚል ቢመጣ ደግሞ እንዲህ በሉት፦ ጥላህስ በማን ላይ ወደቀ?