የተቃጠለው ክምርና ያልነቃው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ በማይገፈፍበት፣ ወንዙም የቸኮለ በማይመስልበት አገር፣ እንስሳቱ ሁሉ የህልም ቅጠል የሚሉት ዛፍ ነበር። ቅጠሉን ያኘከ ጥቂት ይፈዛል፣ ደስ የሚል ህልም ያያል፣ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዳለቻ የሚባለው ጭነት ተሸካሚ አህያ ማታ ማታ ከዚህ ቅጠል ትንሽ ያኝክ ነበር። በህልሙ ማለቂያ የሌለው ለምለም መስክ ያያል። እዚያ ጭነት የሚባል ነገር የለም፤ ነፋሱ ጀርባውን እየዳበሰው ያልፋል። ሚስቱ አህዪት ግን ያንን መስክ አትወደውም ነበር። እሷ የሌለችበት መስክ ነዋ!

አንድ ቀን ንጉሡ አንበሳ ዘበኞቹ ቆመው ሲያልሙ አገኛቸውና ተቆጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ቅጠሉን የሸጠም፣ ያኘከም፣ ሲያልም የተገኘም ሁሉ ካገሬ ይውጣ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በወንዙ መሻገሪያም ኬላ አቆመና ጅብን ሾመበት። «የቅጠል ሸክም በያዝክ ቁጥር አጥንት ታገኛለህ። ሸክሙ ትልቅ ከሆነ አጥንቱም ትልቅ ነው» አለው። ጅብ ምራቁን ዋጠ።

ቅጠል ነጋዴው ቀበሮ ይህን ሲሰማ ትንሽ አሰበና ድስቱን ጣደ። አንድ ሙሉ ሸክም ቅጠል ቀቅሎ፣ ቀቅሎ፣ ባቄላ የምታክል አንዲት ጥቁር እንክብል አደረገው። እንዲህ ያሉ እንክብሎች ጅራቱ ሥር ሸሽጎ ወደ ኬላው ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ እንዴት አደርክ? ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር የቅጠል ሸክም አይቻለሁ። ሌላ እንዳይቀድምህ!»

«ትልቅ ነው?»

«አንተም ብቻህን አትችለው!»

ጅብ ኬላውን ጥሎ ሮጠ። ቀበሮም እያፏጨ ወንዙን ተሻገረ። ሸክሙን እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ የተያዘው ቅጠል ተራራ አከለ። አንበሳ ክምሩን እያየ ደስ አለው፤ ጅብም ወፈረ። ድሮ በአንድ ጉርሻ ገብስ የሚገኘው ህልም አሁን ጆንያ ሙሉ ገብስ ያስወጣል፤ ቢሆንም የሚገዛው አልጠፋም።

ዳለቻም ገዛ። አንዷ እንክብል የሙሉ ሸክም ጉልበት እንዳላት የነገረው አልነበረም። ዋጣትና ተኛ፤ ሲነጋ አልተነሣም። አህዪት ጠራችው፣ በአፍንጫዋ ገፋችው፣ ጆሮውን ነከሰችው። ትንፋሹ ቀጥኗል። ጎረቤት እንዳትጠራ አዋጁን ፈራች፤ እየጎተተች ወንዙ ዳር ደንገል ውስጥ ሸሸገችውና ወደ ቀበሮ ሮጠች።

«እባክህ፣ እንዴት ነው የሚቀሰቀሰው?»

«እኔ የማውቀው ማስተኛቱን ነው፣ እመት አህያ። ደግሞ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። የሰማ ካለ ሁለታችሁም ትባረራላችሁ» አላት።

አህዪት ጀርባዋን ሰጠችው። «ከሞተ ወዲያ አገር ምን ያደርግልኛል?» አለችና ወደ አንበሳ ገሰገሰች።

ያን ቀን አንበሳ ክምሩን በአደባባይ እያስቃጠለ ነበር። እንስሳቱ በጭፈራ ከበውታል። ሰማያዊው ጭስ ጥቂት ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ ነፋሱ መለሰውና ሁሉንም ቀስ ብሎ አለበሳቸው። ጦጣ ከበሮዋን እንዳቀፈች ፈዘዘች። ጅብ ቢግጡት የማያልቅ አጥንት አየ። አንበሳ ደግሞ በአገሩ አንዲት የህልም ቅጠል እንኳ እንዳልቀረች አለመ። ጭፈራው ሁሉ ዝም አለ።

አህዪት ጭሱ እስኪሳሳ ዳር ቆማ ጠበቀች። አንበሳ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ አገኛት።

«ቅጠሉ ጠፋ አይደል?» አላት።

«በህልምዎ ጠፍቷል፣ ጌታዬ» አለች። «ባሌ ግን ደንገል ውስጥ ወድቋል። ካገር ያስወጡን፤ ብቻ አስቀድመው ያድኑልኝ።»

በአዋጁ ከሄድን ሲያልም የተገኘው አንበሳ ራሱ ነበር። አፈረና ተከተላት። ደንገሉ ጋ ደርሶ አገሳ፤ ዳለቻ ግን አልሰማም። እንስሳቱ ውኃ እያመላለሱ አፈሰሱበት፤ አህዪት ፊቱን ላሰችው። ውኃው ጀርባውን ሲያጥበው አንበሳ አጎንብሶ ጭነት የላጠውን ገላ አየ።

«ይህ ቁስል መቼ ወጣበት?»

«ቅጠሉን ሳይጀምር በፊት፣ ጌታዬ። የጠየቀን አልነበረም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የዳለቻ አንድ ጆሮ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑን ገልጦ አህዪትን አያት።

«መስኩን ሁሉ ዞሬ ፈለግሁሽ» አላት በደከመ ድምፅ። «የለሽም። ስለዚህ ተመለስኩ።»

አህዪት አንገቷን አንገቱ ላይ ጥላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ አንበሳ የተኛውን ማባረር ትቶ የሚቀሰቅሱ አስቀመጠ፤ ጭነቱን አስቀለለ፤ የቆሰለውንም አሳከመ። ቀበሮ ድስቱን ጨርሶ አላወረደም፤ ደጁ ግን ጭር አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ቁስሉን ሳያይ ቅጠሉን ብቻ የሚያሳድድ ቅጠሉን ይበልጥ እንዲከርና እንዲሸሸግ ከማድረግ በቀር የሚያተርፈው ነገር እንደሌለ ነው።