ዋርካውን የቆረጠው ጭቃ ሹም

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህን ተረት ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ ድምፄ ከፍ ቢል እናንተን የተቆጣሁ እንዳይመስላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ወይራ አምባ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ጓንጉል የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። አፉ ማር፣ እጁ መንጠቆ። ከተማዋ ሦስት ጌጥ ነበራት፤ የጥንት ንጉሥ ያሠራው ግንብ፣ ከሥሩ ምንጭ የሚፈልቅ ትልቅ አለት፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት ዋርካ። የማንም አይደሉም፤ የሁሉም ናቸው።

ጓንጉል ቤት መሥራት አማረው። እንደ ሰው ቤት መሰላችሁ? እንደ ንጉሥ ነው እንጂ!

መጀመሪያ ወደ ግንቡ ሄደ። "ወገኖቼ፣ ይህ ግንብ አርጅቷል፤ ልጆቻችሁ ላይ ይናዳል። ለእናንተ ብዬ ላፍርሰው" አለ። ሰውም "ጭቃ ሹሙ ያውቃሉ" አለ። ድንጋዩ ተጋዘ፤ የጓንጉል ግድግዳ ሆነ። አሁን ይህ ለልጆች ማሰብ ነው?

እመት ይታክቱ የሚባሉ አሮጊት ብቻ ከደጃቸው ወጥተው፣ "ጭቃ ሹም፣ ኧረ ነግ በኔ ይበሉ!" አሉት። ሳቀባቸው።

ቀጥሎ ወደ አለቱ ሄደ። "አለቱ ምንጩን አንቆታል፤ ቢፈለጥ ውሃው ይበዛል" አለ። ሰውም "ጭቃ ሹሙ ያውቃሉ" አለ። አለቱ ተፈለጠ፤ የጓንጉል ደረጃ ሆነ። ውሃውስ በዛ? ምን ይበዛል! ፍርስራሹ ምንጩን ደፈነው። እመት ይታክቱ ባዶ እንስራቸውን ይዘው፣ "ጭቃ ሹም፣ ኧረ ነግ በኔ ይበሉ!" አሉት። አሁንም ሳቀ።

በመጨረሻ ወደ ዋርካው ሄደ። "ይህ ዛፍ ቆሌ አለበት፤ ክርስቲያን ከሥሩ አይቀመጥም" አለ። አባቶቻቸው ሁሉ ከሥሩ ተቀምጠው አልነበር? ግን ያ ሁሉ ጎልማሳ "ጭቃ ሹሙ ያውቃሉ" አለ። ዋርካው ተገነደሰ፤ የጓንጉል ምሰሶ ሆነ። እመት ይታክቱ ጉቶው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

ቤቱ ባለቀ ማግስት የጓንጉል በሬዎች ጠፉ። ኧረ ጩኸት! "ተሰረቅሁ! አውጫጭኝ ይጠራልኝ!"

አውጫጭኝ ምን መሰላችሁ? ከብት ሲሰረቅ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ያየ ሰው ሌባውን እስኪናገር ማንም ቤቱ አይገባም። ወይራ አምባ የምትቀመጠው ዋርካው ሥር ነበር።

ሰው መጣና ጉቶው ዙሪያ ተቀመጠ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። "ጥላ!" አሉ፤ ጥላ የለም። "ውሃ!" አሉ፤ ውሃ የለም። ጓንጉል ሰው እንዳይበተንበት ፈርቶ፣ "በሉ እቤቴ ግቡ" አለ።

ገቡ። እመት ይታክቱ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀመጡና፣ "እንግዲህ ዋርካችን ሥር ነን። ሕጉ ያው ነው፤ የተሰረቀ ነገር ያየ ይናገር" አሉ።

አንድ ሽማግሌ ግድግዳውን ዳበሰ። "እኔ አይቻለሁ፤ የግንባችን ድንጋይ ይኸውና።"

አንዲት እናት ተነሣች። "እኔም አይቻለሁ፤ አለታችንን ረግጬ ነው የገባሁት።"

"ምሰሶውም ዋርካችን ነው!" አለ ሌላው።

"ሌባውስ ማነው?" አሉ እመት ይታክቱ።

"ጓንጉል!" አለ አገሩ ባንድ አፍ።

"በሬዎቼስ?" ብሎ ሲጮህ፣ አንድ ገበሬ በሬዎቹን እየነዳ ደረሰ። ለካ ማንም አልሰረቃቸውም፤ ምንጩ ቢደርቅባቸው ውሃ ፍለጋ ቆላ ወርደው ኖሯል!

ጓንጉል ሹመቱን ተገፈፈ። ቤቱን በገዛ እጁ አፈረሰ፤ ድንጋዩን በገዛ ጀርባው ተሸክሞ ግንቡን መለሰ፤ ውሃው ብቅ እስኪል ምንጩን ቆፈረ። ዋርካውስ? ዋርካ እንዴት ይመለሳል! ችግኝ ተከለ። የችግኝ ጥላ ደግሞ ዶሮም አያስጠልል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የሁሉንም የሚቆርጥ የራሱንም ጥላ ይቆርጣል። "እሳቸው ያውቃሉ" ብሎ ዝም ያለም ከዚያ ፀሐይ አያመልጥም፤ እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

ተረቴን መልሱ። ከግንቡ የወሰዳችሁት ድንጋይ ካለም አብራችሁ መልሱ።