አለቃው የጻፋት አንዲት መስመር

ዋሸህ ካላችሁኝ ምስክሬ በሬው ነው። በወረዳችን ሆዱ ከራሱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢሮ የሚገባ አቶ ወንድይራድ የሚባል ኃላፊ ነበር። አንድ ቀን አዲስ ኮምፒውተር አስመጥቶ ሠራተኛውን ሰበሰበ።

«አንድ ነገር ምን ምን እንዳለው ብቻ ከነገርኩት፣ የመመዝገቢያውንም የማወዳደሪያውንም ፕሮግራም ይህ ማሽን ራሱ ይጽፈዋል!» አለ። ከዚያም እሱ የሚበልጥበትን አስቀድሞ ጻፈ፦ «ሠራተኛ ማለት ክብደት፣ ዕድሜና ስም ያለው ነው።»

ማሽኑ ምራቅ እስኪዋጥ እንኳ ሳይቆይ ፕሮግራሙን ጽፎ መጀመሪያ በተጻፈው በክብደት ደረጃ አወጣ። ኃላፊው አንደኛ ሆነ፤ እንደ ሸንበቆ የቀጠነው ዘበኛ መጨረሻ።

«መጨረሻ የወጣ ይባረራል። በል ዱላህን አስረክብ!»

«እሺ ጌታዬ፤ ብቻ አንድ ሳይመዘገብ የቀረ አለ» አለና ዘበኛው አስመዘገበ፦ ክብደት አራት መቶ ኪሎ፣ ዕድሜ ዘጠኝ፣ ስም ቦራ። ማሽኑ ቦራን አንደኛ አደረገው።

«ማነው ደግሞ ይሄ?»

«በሬዬ ነው።»

«አንተ! በሬ እንዴት ከእኔ ይበልጣል?»

«ጌታዬ፣ ማሽኑ ምን ያድርግ? እርስዎ ከነገሩት ውስጥ በሬዬን የጎደለው የለም። ወይ እርስዎ ኖሮዎት በሬዬ የሌለውን አንድ ነገር ይጨምሩበት፣ ወይ ነገ ጠዋት ሰፋ ያለ ወንበር ያዘጋጁለት።»

ኃላፊው የሚጨምረውን እስካሁን እያሰበ ነው፤ ዘበኛውም ዱላውን ይዞ በሩ ላይ አለ።