ሺህ ዘፈን የገባበት ሸማ

የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው እንጂ፣ አሮጌውን ጥሎ ወደ አዲስ ለሚሮጥ ሰው ሽሮ ሜዳ ላይ የሚተርቱትን ተረት ያመጣው የሸማኔው የጋሽ ጫቦ ጉድ ነው። ወሬው መጀመሪያ የወጣው ከጎረቤቱ ከብርነሽ አፍ ነው። ልብስ ሳሰጣ በአጥር ቀዳዳ አየሁ አለች፤ አይ ብርነሽ፣ ልብሷ ሁልጊዜ የሚሰጣው እዚያው ቀዳዳ አጠገብ ነው! «ፈታይዋ አልጣሽ እኮ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ያንን ጎረምሳ ሱቅ በደረቴ ተከትላ በቅያሱ ታጠፈች!» ብላ ምሳ ሳይደርስ ሰፈሩን አዳረሰችው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጫቦ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መሸመን ከጀመረ ሃያ ዓመቱ ነበር፤ ሃያውንም ዓመት አጠገቡ አንዲት ቴፕ አለች። ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ፣ ድንጋይ የምትጨርስ፣ ሲያሻት ክር የምታኝክ። ካሴቷም አንዲት ናት፤ ጽሑፏ ተፍቆ ማን እንደሚጫወት እንኳ የማይታወቅ፣ ረጋ ያለ የክራር ዜማ። ክሯ ሲላላ በቢክ ያጠነጥናታል፣ መልሶ ይከታታል፣ መወርወሪያውን ያነሳል። አልጣሽ ፈትል ይዛለት ስትመጣ፣ «አንተ፣ ይቺ ክራር አልሰለቸችህም?» ትለዋለች።

«አንቺ እንዝርትሽ ይሰለችሻል?» ይላታል።

ታዲያ ወይዘሮ አስካለ የአንዲት ልጃቸውን የሠርግ ሸማ ሲያዙ፣ አገር ሙሉ ሸማኔ እያለ እሱን የመረጡት ለእጁ ነው። የጫቦ ሸማ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፣ የተኛ ውሃ ይመስላል። «አደራህን፣ ልጄ አማቶቿ ፊት የምትቆመው ባንተ እጅ ነው» አሉት።

«እጄን ይቁረጠው!» አለ።

በሦስተኛው ቀን ያ ሱቅ በደረቴ መጣ። ከማስቲካውና ከማበጠሪያው መሃል የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ የምታብለጨልጭ ማጫወቻ አወጣ። «ጋሼ፣ ሺህ ዘፈን አላት።»

«ስንት?»

«ሺህ። ካሴት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ማኘክ የለ። መብራት ላይ ይሰኳታል፣ ቀን ሙሉ ትዘፍንልዎታለች።»

ጫቦ መወርወሪያውን አስቀመጠ። ማጫወቻዋን መዳፉ ላይ አገላበጣት። ሌላ ሰው ቢሆን ዘፈኑን ይሰማ ነበር፤ እሱ ግን ሸማኔ ነውና ያሰበው ክሩን ነው። «የኔዋ ካሴት ክር ተዘርግቶ ከዚህ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። የሺህ ዘፈን ክር እንጦጦን ስንቴ ይዞር ይሆን? ይህን ሁሉ አጠንጥኖ እዚህች ውስጥ የከተተ እጅ… ወይ እጅ! ምን ዓይነት እጅ ነው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ፈትል ይዛ መጥታ አጠገቡ የተቀመጠችው አልጣሽ እንዝርቷን እያሾረች፣ «ተው ጫቦ። ሁለት እጅህ ሥራ ላይ፣ ሁለት እግርህ ጉድጓድ ውስጥ፤ ያቺን የምስር ፍሬ የምታህል ቁልፍ በምንህ ልትነካት ነው? በአፍንጫህ?» አለችው።

«መንካት አያስፈልግም፣ ራሷ ናት እየመረጠች የምትዘፍነው» አለ ጎረምሳው።

«ሰው ቤት ገብታ ራሷ መራጭ? ይህቺስ ምራት ናት!»

ጫቦ አልሰማትም። ለራሱ የሸመነውን ጋቢና ቴፗን፣ ካሴቷ ውስጧ እንዳለች፣ አስረከበ። ጎረምሳው ቴፗን አንጠልጥሎ ሲወጣ ነው እንግዲህ አልጣሽ ሙዳይዋን ብድግ አድርጋ የተከተለችው፤ ብርነሽም ያየችው።

ከዚያማ ሰፈሩ ሁሉ ጫቦ ደጅ ዋለ። ማጫወቻዋ ጉራግኛ ስትል መወርወሪያው ይበራል፤ ትዝታ ስትል ጫቦ ይተክዛል። ሰው አፉን ከፍቶ ያያል፣ «አያልቅባትም እኮ!» ይላል። «እንደዚህ ሠርቼ አላውቅም!» አለ ጫቦ፤ በሳምንቱ ሸማውን አጣጥፎ ወይዘሮ አስካለን አስጠራ።

ወይዘሮ አስካለ ሸማውን በሩ ላይ ወደ ፀሐይ ዘረጉት። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አንዱ ጋ ድርና ማጉ ጥቅጥቅ ብሎ ቆዳ ይመስላል፤ ስንዝር ወረድ ሲል ሳስቶ ወንፊት፤ ከዚያ ደግሞ ቆዳ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ።

ጫቦ ጣቱን በሸማው ላይ አስኬደ። «እዚህ ጋ… ጉራግኛዋ መጣችብኝ፣ እጄም እግሬም ሮጠ። እዚህ ትዝታ ናት፣ እጄ ላላ። ይቺ ደግሞ ያቺ የጭፈራዋ…» ሳምንት ሙሉ የሰማው ዘፈን ሁሉ ሸማው ላይ ቁጭ ብሏል፣ አንድም ሳይቀር! ብርነሽ እንኳ እጇን በአፏ ጫነች።

«ሠርጉ አሥር ቀን ነው የቀረው!» ወይዘሮ አስካለ ደፉ ላይ ዘፍ አሉ። «ልጄን ወንፊት አልብሼ ልዳራት?»

ደጁ ተንጫጫ። አንዱ «ቁልፏን ሳያውቅበት ነው» ይላል፣ አንዱ «እሷ ምን አደረገች፣ እሱ ነው የቀበጠው» ይላል። ጫቦ ላብ አጥምቆት፣ «ያቺ አሮጌ እኮ አንዲት ብቻ ነበር የምታውቀው! ይቺ ሺህ ታውቃለች!» እያለ ይጮሃል።

አልጣሽ ብድግ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ስትመለስ ነጠላዋ ሥር የሆነ ነገር ጎብጧል፤ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ ቴፕ! ያን ዕለት ጎረምሳውን የተከተለችው ለዚች ነበር ለካ፣ ሙዳይ ሙሉ ፈትሏን ሰጥታ ነው ያስቀረቻት። ብርነሽ ዓይኗን መሬት ተከለች። አልጣሽ ቴፗን ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ቁልፉን ጠቅ አደረገችው። ክራሩ ረጋ ብሎ መጣ። የጫቦ እግር፣ ማንም ሳያዘው፣ መሬቱን ይረግጥ ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ።

«ግባ ጉድጓድህ። አሥር ቀን ይበቃሃል፣ ፈትሉን እኔ እችላለሁ» አለችው።

ጫቦ ግን አሁንም የምታብለጨልጨዋን መዳፉ ላይ ይዞ፣ እንደ ሕፃን፣ «ሺህ እኮ ነው የምታውቀው፣ አልጣሽ» አላት።

አልጣሽ አንዴ ማጫወቻዋን፣ አንዴ ወንፊቱን ሸማ አየችና፣ ያን ሁሉ ጫጫታ ጭጭ ያሰኘችውን ቃል ጣል አደረገች፤ «ትወቅ እንጂ! ሺህ ከሚያውቅ እንግዳ፣ አንዲት የሚያውቅ የጓዳ።»