ሐጂ ሙዘይን ደጃቸውን ያስደፈኑ ጊዜ

በአንዲት ጥንታዊ ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። በዚያች ከተማ ሀብታም ሁሉ የጁምዓ ሰደቃውን በየደጁ ነበር የሚሰጠው፤ ክብሩም የሚለካው ደጁ ላይ በቆመው ሰልፍ ነው። ረጅሙ ሰልፍ የሐጂ ነበር። ልባቸው በዚህ ደስ አይላትም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ሰው ናቸዋ!

አንድ ጁምዓ በሸማኔዎች ሰፈር ሲያልፉ ውሾች ንፍሮ ሲሻሙ አዩ። ከደጅ ደጅ የዞረ ጉልበተኛ በልቶ ሲጠግብ የደፋው ነው። እዚያው አጠገብ ባሏ የሞተባት ዘምዘም የሟቹን የሽመና ዕቃ ለማገዶ ልትሸጥ አውጥታ ቆማለች። ልጆቿን የምታሳድግበት ሌላ ነገር አልነበራትም።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ደጅ ብትመጪ?» አሏት ደንግጠው።

«አባባ፣ ይህን የለበሱትን ጋቢ የሸመነልዎ ባሌ ነው» አለች አንገቷን ደፍታ። «እዚያ ደጅ ለንፍሮ እንዴት ልሰለፍ?»

ሐጂ አፈሩ። የማገዶ ገዢውን መለሱት፣ ለቤቷም እህል ላኩ። ግን እንደሷ በር ዘግተው የሚራቡትስ? ይህ ነገር አልለቃቸው አለ። ባለጸጎቹን ሰብስበው፣ «ሰደቃችን መስጊድ ግቢ አንድ ጎተራ ይግባ። የተቸገረውን ጎረቤቱ ይጠቁም፤ የሰፈር ሽማግሌ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እቤቱ ያድርስለት» አሏቸው።

«ማን እንደሰጠ በምን ይታወቃል?» አለ የጨው ነጋዴው ሐጂ ሸረፋ።

«አላህ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል፤ ከተማውስ?»

ማንም አልተስማማም። ሐጂ ሙዘይን ግን ግንበኛ ጠርተው ትልቁን ደጃቸውን በድንጋይ አስደፈኑ፤ በጓሮ በር ይገቡ ጀመር። እህላቸው መስጊድ ግቢ ካለው ጎተራ ሲገባ ያወቁት የመስጊዱ ኢማምና ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። ከተማው፣ «ሰሰቱ! ሀብት ልባቸውን ደፈነው!» እያለ አማቸው። ሰላምታ የነሷቸውም ነበሩ። ሐጂ ከፍቷቸው ነበር፤ ቢሆንም ሶብር አድርገው ቻሉት።

ክረምት ገባ። ሐጂ ሸረፋ እህቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ጓዳዋ ውስጥ ጆንያ እህል አየ። «ከየት አመጣሽው?»

«ከመስጊድ። ሰጪውን አናውቅም።»

«እኔ ወንድምሽ እያለሁ?»

«አንተማ ጁምዓ ጁምዓ ደጅህ ላይ ትሰጣለህ» አለችው። «የወንድሜ ደጅ ላይ ተሰልፌ ልለምን?»

እህቱ መራቧን ያኔ ገና ሰማ። ሰጪው ማን እንደሆነም ገባው። እያለቀሰ ሐጂ ሙዘይን ዘንድ ሄደ። «አውፍ ይበሉኝ! እህሌ ነገ ጎተራ ይገባል። ግን ያን ሁሉ ስድብ ሲሰሙ ምነው አንድ ቃል ቢተነፍሱ?»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ብተነፍስማ ደጄን መልሼ ከፈትኩት ማለት ነው።»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ኮሚቴ አለን፣ መጋዘን አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ይህ ኸይር ነው፤ ይቀጥላልም። ግን ስሙ በማይክራፎን ካልተጠራ የሚያኮርፍም አለን። እሱ ደጁን ደፍኖ ከተማው እንዲያየው መስኮት ያስከፈተ ሰው ነው። የተራበችው እህቱ በዚያ መስኮት አትታየውም።